ቮልስ ስትሞቅ ሞተሪኖዋ ለምን ይደክማል?

ጠዋት ቁልፉን ገና ሲያዞሩት ትነሳለች። ከጦር ኃይሎች ወደ ልደታ መጥተው፣ ፍርድ ቤት ጉዳይዎን ፈጽመው ወይም ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ግን ሞተሩ እየተጎተተ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አንዳንዴም ግማሽ ዙር ታግሎ ይቆማል። አንድ ሰዓት ያህል ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። አሮጌ ቮልስ የገዛ ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች መካከል ይህን ያህል ገንዘብ በከንቱ የሚያስወጣ ጥቂት ነው። መንገድ ላይ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሞተሪኖው ይቀየር። ሶማሌ ተራ ተኪዶ ሌላ ሞተሪኖ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ትነሳለች፣ እኩለ ቀን ላይ ያው ድካም ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ ራስዎ ለክተው እንዲያውቁ ነው። የሚያስፈልግዎ አንድ ቴስተር፣ ማለትም ቮልት የሚለካ መሣሪያ፣ ቁልፍ የሚያዞርልዎ አንድ ሰውና ትዕግሥት ነው። ከመነሻው አንድ ነገር ይያዙልኝ። መስመሯና ሞተሪኖዋ ጤነኛ የሆነ ቮልስ ሞተሯ ቢግልም መነሳት አለባት። ሙቀት ከኤሌክትሪኩ ጉልበት እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል፤ ቀድሞውኑ በእጇ ትርፍ ጉልበት የሌላት መኪና በዚያ ጥቂት ትወድቃለች። ስለዚህ የምንፈልገው ትርፉን ማን እንደበላው ነው።

የሚበላው እንደማይጠፋ ዕድሜዋ ይነግርዎታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር፤ ዛሬም በከተማው የሚዞሩት ብዙዎቹ ቮልሶች የዚያች እኩዮች ናቸው። አካላቸው ተቀጥቅጦ፣ ቀለማቸው ታድሶ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሽቦአቸው፣ ማያያዣዎቻቸውና ባትሪው የተቀመጠበት ወለል ግን ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ነው፤ ያም ግማሽ ምዕተ ዓመት ዝናብና አሲድ የጠጣ ነው።

አስቀድመን ቅሬታውን በትክክል እንለየው፤ «ስትሞቅ አትነሳም» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናልና። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እንደ ጠዋቱ በፍጥነት እየዞረ እሳት ካልያዘ ሞተሪኖው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጥፋቱ ቤንዚን ወይም ካንዴላ ዘንድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ቤንዚንም በጋለ ካርቡራተር ውስጥ ከቆላው አገር ቀድሞ ይተናል። ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው፣ ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ የማይሰማበት ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ሦስተኛው የዛሬው ዋና ጉዳያችን ነው፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን በዝግታ።

ሞተሪኖ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ትልቁን ሞተር ለጥቂት ሰከንድ የሚያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በቮልስ ላይ የሚገኘው ከኋላ፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በቀኝ በኩል ነው። በላዩ የተጫነው ትንሽ ሲሊንደር ሶሌኖይድ ይባላል። ሶሌኖይድ ሽቦ የተጠመጠመበት መግነጢስ ሲሆን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ ወዲያውም በውስጡ ያሉ ሁለት ወፍራም የመዳብ መገናኛዎችን ገጥሞ ዋናውን ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ይለቃል። ቁልፉ የሚያዘው ሶሌኖይዱን ብቻ ነው፤ ትልቁ ኤሌክትሪክ በቁልፉ በኩል አያልፍም። ይህን ልዩነት አይርሱት፣ በኋላ ይጠቅመናል።

የትልቁ ኤሌክትሪክ ጉዞ እንዲህ ነው። ከኋላ መቀመጫው ሥር ካለው ባትሪ ፖዘቲቭ ይነሳል፣ በወፍራም ኬብል ሶሌኖይዱ ይደርሳል፣ በመዳብ መገናኛዎቹ ያልፋል፣ በካርቦኖቹ በኩል የሚሽከረከረው የሞተሪኖው ክፍል ውስጥ ይገባል። ከዚያ መመለስ አለበት። የሚመለሰው በሞተሪኖው አካል ወደ ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው አፍንጫ በተጠለፈ የመዳብ ገመድ ወደ መኪናዋ ወለል፣ ከወለሉ በሌላ ገመድ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ነው። የተጠለፈው ገመድ ያስፈለገው ካምቢዮው የታሰረው በጎማ ላይ ስለሆነ ነው፤ ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ይህ ገመድ ሲበሰብስ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የቤንዚን መስጫውን ወይም የፍሪሲዮኑን የብረት ገመድ ይጠቀማል። ይህ የብረት ገመድ ግሎ ከተበላሸ ወይም የቤንዚኑ ፔዳል ያለ ምክንያት መያዝ ከጀመረ መጀመሪያ ይህን የካምቢዮ ገመድ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የቮልስ ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ይጠጣል፤ ለሒሳብ እንዲመች 150 እንበል። በመንገዱ ላይ አንድ የዛገ ማያያዣ አለ፤ ተቃውሞው፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚያግድበት መጠን፣ ከአንድ ኦም መቶኛው ብቻ ነው እንበል። 150 በ0.01 ሲባዛ 1.5 ቮልት ነው። ባትሪው ከሚሰጠው 12 ቮልት ስምንተኛው እጅ ሞተሪኖው ሳይደርስ እዚያ ማያያዣ ላይ ይቀራል፤ 225 ዋት የሚያህል ሙቀት ሆኖም ይወጣል። ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው ይህን መቶኛ አያየውም፤ ዜሮ ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ የምንለካው ተቃውሞውን ሳይሆን ተቃውሞው የሚበላውን ቮልት ነው፤ እሱም ሞተሪኖው እየሠራ ሳለ ብቻ ነው የሚታየው።

ለምን እየሠራ ሳለ? ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን በውሃ ያውቀዋል። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ድረስ ሙሉ ነው፤ ቱቦው ጠባብ መሆኑ የሚታወቀው ታች ያሉት ሁሉ ሲከፍቱ ነው። ቮልትም እንዲሁ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሳይፈስ ከዛገው ማያያዣ ወዲያ ቢለኩ 12 ቮልት ሙሉውን ያነባሉ፣ ተታለውም ይሄዳሉ።

መኪናዋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1967 ሞዴል በፊት የተሠራች ከሆነችና ካልተቀየረላት በ6 ቮልት ትሠራለች። ለእሷ ጉዳዩ ይከፋል። ያንኑ ጉልበት በግማሽ ቮልት ለማግኘት እጥፍ አምፔር ያስፈልጋል፤ 300 በዚያው 0.01 ሲባዛ 3 ቮልት ነው፣ ካላት ግማሹ። የ6 ቮልት ቮልስ ደካማ ናት የሚባለው ወሬ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ማያያዣዎቿ ንጹሕ ሲሆኑ ግን አሳምራ ትነሳለች።

እስካሁን ስለ ሙቀት አልተናገርንም፤ አሁን ቦታው ደርሷል። መዳብ በሞቀ ቁጥር ተቃውሞው ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ። ጠዋት 20 ዲግሪ የነበረ የሞተሪኖ ሽቦ 100 ዲግሪ ሲደርስ ተቃውሞው 30 በመቶ ያህል ያድጋል ማለት ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩን የሚነፋው ራሱ ሞተሩ የሚያዞረው ነፊ ነው። ሞተሩን ሲያጠፉ ንፋሱም ይቆማል። በሞተሩ ብረት ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ግን አልጠፋም፤ ወደ ጎረቤቱ ይሰራጫል፤ ሞተሪኖውም በቀኝ በኩል ካለው የጭስ ቱቦና የማሞቂያ ሳጥን ጎረቤት ነው። ለዚህ ነው ችግሩ የሚብሰው ወዲያው ሳይሆን ከቆመች ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፤ ልክ የልደታው ጉዳይዎ በሚያልቅበት ሰዓት። የጭስ ቱቦው ጓርኒሲዮን ከተበላና የጋለ ጭስ ወደዚያ የሚተፋ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሳት አለበት። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ለማዞር ሊቀል ይገባዋል፤ ባትሪም በጠዋቱ ብርድ ይደክማል እንጂ በሙቀት አይደክምም። ታዲያ ጠዋት የምትነሳ መኪና ቀን የምትደክመው በባትሪ ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ባትሪውን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወደ ታች ያወርደዋል። አያስወጣውም ግን። የአሮጌ ቮልስ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ባትሪውን አይሞላም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ያዩት ይሆናል። ከሜክሲኮ በተግባረዕድ አድርጎ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ጎን መኪና ተደርድሮ ሲቆም፣ በተለይም ግንቦት 1 ቀን የልደታ ማርያም በዓል ዕለት፣ መብራትዎና ፍሬን መብራትዎ ከባትሪው እየጠጡ ነው፤ ዲናሞው ግን አይተካም። ሞተሩም በዚያው ሰዓት ይግላል። ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ ሙቀቱ ይከሰሳል።

እነሱን መለየት ቀላል ነው። መኪናዋ ደክማ ሲያገኟት ኮፈኑን ከፍተው አንድ ሰዓት ይተዉአት፤ ባትሪውን አይንኩት፣ አይሙሉት። ቀዝቅዛ እንደ ጠዋቱ ከተነሳች ጥፋቱ በእርግጥ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ቀዝቅዛም ከደከመች ባትሪው ባዶ ነው። በቴስተርም ማረጋገጥ ይቻላል፤ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያነባል፣ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ ዋናው ልኬት እንግባ። መለካት ያለበት መኪናዋ እንደጋለች ነው፤ ጋራዥ አድራ ጠዋት ብትለካ ጤነኛ ሆና ትገኛለች። ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ። ከዚያ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን፣ 15 ቁጥር ላይ የተሰካውን ሽቦ ይንቀሉ፤ ሞተሩ ይዞራል፣ እሳት ግን አይይዝም።

ይህን ሽቦ ሲነቅሉ ሳይለኩ የሚያገኙት አንድ መልስ አለ። ሽቦው ከተነቀለ በኋላ ሞተሪኖው በድንገት ቀልጥፎ ካዞረ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፤ ያደከመው የእሳቱ ጊዜ፣ መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት፣ ከልክ በላይ ወደፊት መቅደሙ ነው። ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሳይደርስ እሳቱ ሲፈነዳ ፒስተኑን ወደኋላ ይመታዋል፤ ሞተሪኖውም ከፍንዳታ ጋር ይታገላል። ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ ቶሎ ስለሚቀጣጠል ምቱ ይበረታል። የከፍታውን ስስ አየር ለማካካስ ሲሉ ታይሚንጉን ወደፊት የሚገፉ ባለሙያዎች አሉ፤ አሳባቸው መሠረት አለው፣ ነገር ግን በዓይንና በጆሮ ሲገፋ በቀላሉ ይበዛል። በመብራት እየታየ የመኪናዋ መጽሐፍ ወደሚለው ይመለስ።

ሽቦው ተነቅሎም ዝግታው ካለ፣ ረዳትዎ ቁልፉን ለአምስት ሰከንድ ያህል ያዙር፤ እርስዎም የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው የእርሳስ ራሶች ላይ ይያዙ፤ በማሰሪያዎቹ ላይ አይደለም፣ በራሶቹ በራሳቸው ላይ። የሚያነቡት ቁጥር መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል።

ሞተሪኖው ቀስ እያለ ባትሪው ግን ከ10.5 ቮልት በላይ ከቆመ ኤሌክትሪኩ እየሄደለት አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚያግደው አለ። ያንን ለማግኘት አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ሶሌኖይዱ ላይ 30 ተብሎ ወፍራሙ ኬብል የታሰረበት ብሎን ላይ አድርገው እንደገና ያስዞሩ። ግማሽ ቮልት ከደረሰ ኬብሉ ወይም ጫፎቹ ጥፋተኛ ናቸው። ቀጥለው ከሞተሪኖው አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ይለኩ፤ እዚህ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ብቻ ፈትሾ ያቆማል፤ እኔ ግን በቮልስ ላይ ከመመለሻው ይጀምሩ እላለሁ፣ የካምቢዮው ገመድ ከመኪናዋ ሥር ተደብቆ ጭቃና ዘይት ሲጠጣ ስለሚኖር፣ ባትሪው ሥር ያለውን ወለልም የባትሪ አሲድ ስለሚበላው። በመጨረሻ በሶሌኖይዱ ሁለት ወፍራም ብሎኖች መካከል፣ ከ30 ቁጥሩ ወደ ሞተሪኖው እስከሚገባው፣ ይለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ከጠፋ ውስጥ ያሉት መገናኛዎች ተቃጥለዋል። ሦስቱም ንጹሕ ከሆኑ ያለቀው የሞተሪኖው ካርቦን ነው፤ እሱ ተነጥሎ ይቀየራል።

የዛገን ማያያዣ ማጽዳት ማለት ማጥበቅ ማለት አይደለም። ይፈቱት፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፣ ቀለም ካለበት ቀለሙን ያስለቅቁ፣ አጥብቀው ከዘጉት በኋላ ውሃ እንዳይገባው ላዩን ግራሶ ይቀቡት። ከዚህ ሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት ግዴታ ነው።

ሌላው መንገድ ደግሞ ይህ ነው። ሞተሩ ሲዞር ባትሪው ከ9.6 ቮልት በታች ወረደ፣ ባትሪው ግን ጤነኛ መሆኑ ተረጋግጧል። ይህ ማለት ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየጠጣ ነው፤ አንድ ነገር በመካኒክ ደረጃ ይዞታል። ለአዲስ ሞተሪኖ ገንዘብ የሚፈሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በብዙ መኪኖች የሞተሪኖው ዘንግ ሁለቱም ጫፎች የሚሽከረከሩት በራሱ በሞተሪኖው አካል ውስጥ ነው። የቮልስ እንዲህ አይደለም። የዘንጉ አንድ ጫፍ የሚያርፈው ካምቢዮው ቤት ውስጥ በተተከለች ትንሽ የነሐስ ቡሽ ላይ ነው። ሞተሪኖው ሲቀየር ቡሿ አትቀየርም፤ ከካምቢዮው ጋር ትቀራለች። ቡሿ ስትበላ ዘንጉ ያዘነብላል፣ የሚሽከረከረው ክፍልም ዙሪያውን ካሉት ቋሚ ብረቶች ጋር ይፋተጋል። በብርድ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል፤ ሙቀት ብረቱን ሲያሰፋውና የኤሌክትሪኩን ጉልበት ሲቀንሰው ፍትጊያው ያሸንፋል። አዲስ ሞተሪኖ ገጥመው ችግሩ ያልለቀቃቸው ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ ጣታቸውን ወደዚያ ቀዳዳ ቢያስገቡ ኖሮ ልዩነቱን በእጃቸው ያገኙት ነበር።

ስለዚህ ሞተሪኖው በወረደ ቁጥር ሁለት ነገር ይመልከቱ። የሚሽከረከረው ክፍል ላይ በአንድ ወገን የተፋተገ የሚያብረቀርቅ ምልክት አለ? ዘንጉስ ቡሿ ውስጥ ሲገባ ይወዛወዛል? አንዱ ካለ ቡሿ ትቀየር። ዋጋዋ ከሞተሪኖው ጋር አይነጻጸርም። ሲገዙ አሮጌውን ዘንግ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ መኪናዋ ከ6 ወደ 12 ቮልት የተቀየረች ከሆነ ሌላ ውፍረት ያለው ዘንግ ገብቶባት ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ሁለቱ ቮላኖዎችም አይመሳሰሉም፤ የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፤ የማይገጥሙ ጥርሶች የሚያሰሙት ድምፅ ከድካም ጋር እንዳይምታታብዎ። አዲሷ ቡሽ ዘይት የሚጠጣ ነሐስ ስለሆነች ከመተከሏ በፊት ሞተር ዘይት ውስጥ ትደር።

አሁን ወደ ዝምታው እንመለስ፤ ቁልፉ ሲዞር ምንም የማይሰማበት፣ ወይም አንድ ደካማ «ጠቅ» ብቻ የሚሰማበት። ሶሌኖይዱን የሚያዘው ሽቦ ከኋላ ካለው ባትሪ ተነስቶ ፊት ለፊት እስከ መሪው ቁልፍ ይሄዳል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ኋላ፣ ሶሌኖይዱ ላይ 50 ቁጥር ላይ ይሰካል። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ በመካከሉም ብዙ መሰኪያና አሮጌው ቁልፍ አሉበት። ሶሌኖይዱ ሲግል ተቃውሞው በ30 በመቶ አደገ ካልን የሚያልፍበት አምፔር ወደ 77 በመቶ ይወርዳል፤ የመግነጢስ ጉልበት ደግሞ የሚከተለው የአምፔሩን ካሬ ስለሆነ ከጠዋቱ የሚቀረው 60 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሽቦው ሁለት ቮልት ከበላበት ጥርሱን መግፋት ያቅተዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚለቅ ማብሪያ። ብዙ ሰው ለማንኛውም የሙቀት ችግር ሪሌ ያስገጥማል፤ የሚያድነው ግን ይህን ዝም የሚለውን ነው፣ ለዝግታው አይፈይድም። የ40 አምፔር ሪሌ ሞተሪኖው አጠገብ፣ ከጭስ ቱቦው ርቆ ይታሰር። 50 ቁጥር ላይ የነበረው የቁልፉ ሽቦ ይነቀልና በሪሌው 86 ላይ ይሰካ፤ 85 ከመኪናዋ ንጹሕ ብረት ጋር ይገናኝ፤ ከሶሌኖይዱ 30 ቁጥር ብሎን አዲስ ወፍራም ሽቦ በፊውዝ በኩል ወደ ሪሌው 30 ይግባ፤ ከ87 ደግሞ ወደ ሶሌኖይዱ 50 ይውጣ። ፊውዙን ወደ ብሎኑ አስጠግተው ያድርጉት፤ ከብሎኑ እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ መኪናዋ ስትጠፋም ኤሌክትሪክ ያለበት ስለሆነ፣ ቢላጥና ብረት ቢነካ የሚያቆመው የለም።